ጥምጥሜን ያወረድሁ ዕለት

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «ሌሊት ወጣሁ» ይላል። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያገኘኋቸው ያገሬ ልጆች ሁሉ እንዲያ ነው የሚሉት፤ ጨለማውን ተገን አድርገው፣ ጥይት ከኋላ እየተከተላቸው፣ የውሻቸውን አፍ ይዘው። ስሰማቸው እቀናለሁ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቶ፣ አላፊ አግዳሚው «እንደምን ዋሉ መምሬ» እያለኝ። ማንም አላሳደደኝም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ስንቄን በአቁማዳ ቋጥራ ደጃፍ ድረስ ሸኘችኝ። «ይፋግ ወርጄ አሞሌ ይዤ እመለሳለሁ» አልኋት። «ጉንፋን ይዞዎታል፤ የቆላ ውሃ እንዳይጠጡ አደራ» አለችኝ። እሺ አልኋት። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፤ ከቆላ ውሃ በቀር የጠጣሁት የለም።

የማርያማችን ደብር ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከቅዳሴ በኋላ፣ ቅዳሴ ካለ ማለቴ ነው፣ ዲያቆኑ ደጀ ሰላም ቆሞ ያንብብላችሁ። አብዛኛውን ታውቁታላችሁ፤ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ነገር ግን እናንተ ያያችሁትን እኔ በገዛ አፌ እንድናገር ታዝዣለሁ፤ ማን እንዳዘዘኝ በኋላ ትሰማላችሁ። ምናልባት ለማያውቀኝ ስደተኛ ወንድሜም ይጠቅመው ይሆናልና ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። መንደራችን ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ፣ ወደ አንበሳሜ ግድም ናት። የወይዘሮ ውዴ አንድ ልጅ አስማረ ዱር ገብቶ ሲዋጋ ወደቀ፤ ጓደኞቹም ሬሳውን በበቅሎ ጭነው አመጡት። ጣሊያን «የሽፍታ ሬሳ አይቀበርም፤ የቀበረውም የጸለየለትም ይቀጣል» ብሎ አውጆ ነበር። እኛ ግን ሐሙስ ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ቀበርነው። ፍትሐቱን ያደረስሁለት እኔ ነኝ። የኔታ አድማሱ ወገባቸውን ታመው ተኝተው ነበርና መቃብሩ ዘንድ ጨርሶ አልነበሩም። ይህን ያዙልኝ።

የኔታ አድማሱ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ ቅዳሴ ያስጠኑኝ መምህሬ ናቸው። የንስሐ አባቴም እርሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው ፈዝዞ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነበር፤ የተሳሳተ ዜማ ግን ከአጥር ማዶም ቢሆን አያመልጣቸውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ደጀ ሰላም ተቀምጦ ጸበል ጻዲቅ ሲቀምስ ወታደሮች ከዳገቱ ላይ ታዩ። ካፒቴኑ በበቅሎ፣ ባንዳዎቹ በእግር። ካህናቱ በአንድ ወገን፣ ሕዝቡ በአንድ ወገን ተቀምጠን ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ አንድ ጊዜ ወጥቼ ተመልሻለሁ።

ጥምጥሜን አወረድሁ። ማንም ሳያየኝ እንዳልል ሁላችሁም አይታችሁኛል። ጥምጥሜን አወረድሁና እንደ አራሽ ወገቤን ታጠቅሁበት፤ መስቀሌን ከብብቴ አውጥቼ ከተቀመጥሁበት ድንጋይ ሥር ወሸቅሁት፤ ከካህናቱ ወገን ተነሥቼ ከሕዝቡ መካከል ገባሁ። ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ቦታ ለቀቃችሁልኝ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ያን ጊዜ ደግነታችሁ ነፍሴን አተረፋት፤ ዛሬ ግን ከሁሉም ነገር የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ብትሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ካፒቴኑ ከበቅሎው ሳይወርድ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም ተቀበለው። «ለሽፍታው የጸለየው ቄስ የትኛው ነው? ካልወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ይቃጠላል።»

የኔታ አድማሱ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔ ነኝ» አሉ።

ካፒቴኑ ሽማግሌውን ከእግራቸው እስከ ራሳቸው አየና አላመነም መሰለኝ፤ ዓይኑን ወደ ሕዝቡ መለሰ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጅራፉን የዘረጋው ወደ እኔ ነው። «አንተ፣ ሽማግሌው እውነቱን ነው?»

«እኔ ገበሬ ነኝ ጌታዬ» አልሁ። «የቄሶችን ነገር አላውቅም።»

የኔታ ድምፄን ሰምተዋል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያረሙትን ድምፅ አይስቱትም። ፊታቸውን ግን ወደ እኔ አላዞሩም፤ ቢያዞሩ ካፒቴኑ ያውቅብኛል ብለው ነው። አሥረው ይዘዋቸው ሄዱ። ወይዘሮ ውዴ የልጇ መቃብር ዘንድ ቆማ ነበር፤ እሷም ሰምታኛለች።

ማግስቱን ጧት አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አግኝታኝ እንደ ወትሮው መስቀል ልትሳለም ዝቅ አለች። ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። በማክሰኞው አቁማዳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ፤ የኔታ ታሥረው እኔ ስሄድ ደብሩ የቀረው አንድ ቄስ ብቻ ነው። እኔ መምህሬን ክጄ አልበቃኝም፤ የማርያምን ቅዳሴ አስታጉዬ ነው የወጣሁት።

መንገዱን አላረዝመውም። ከይፋግ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተጣብቄ፣ ጎንደርን በሩቁ ትቼ፣ በደምብያ በጭልጋ አድርጌ መተማ ደረስሁ። መተማ ላይ የጣሊያን ባንዲራ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ገላባት ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ሙቀቱ ግን ያው አንድ ነው። ወንዙን ከብት ከሚነዱ ሰዎች ጋር ተሻገርሁ። ገላባት አንድ የቆርቆሮ ቢሮ አለ፤ ራሱ ላይ ቀይ ጠርቡሽ የደፋ ሱዳናዊ ጸሐፊ መዝገብ ዘርግቶ ስደተኛ ይጽፋል፤ አንድ የጎንደር ልጅ ያስተረጉምለታል።

«ሥራህ?» አለኝ።

«ገበሬ።»

«ምን ትዘራለህ?»

«ጤፍ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። «ጤፍ ምንድን ነው?»

አስተርጓሚው ጨነቀው። «ምን ብዬ ላስረዳው? በዚህ አገር አይታወቅም እኮ።»

«ከሣር ወገን ነው በለው፤ ፍሬው ደቃቅ ነው።»

ተነጋገሩ፤ ጸሐፊው ሣቀና ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ ስጠይቅ አስተርጓሚው፣ «ሣር አራሽ ብሎሃል» አለኝ። «ደግሞ ይጠይቅሃል፤ በእናንተ አገር ሣር ካልታረሰ አይበቅልም ወይ?»

ሣቅሁ። ዓይኔ እንባ እስኪሞላ ሣቅሁ። ገበሬ ነኝ ማለቴ ውሸት እንኳ አይደለም፤ ሁላችንም የገጠር ቄሶች አርሰን ነው የምንበላው። ለዚህ ነው ለምላሴ የቀለለው። ጴጥሮስ እንኳ ዶሮ ሲጮኽ አለቀሰ፤ ገላባት ዶሮው አያሌ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ እኔ ግን ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ።

ገዳሪፍ ስደርስ ቤት ፍለጋ ገባሁ። እዚህ ጎጆውን ጉጢያ ይሉታል። ሐጃ ዘይነብ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትዮ ባዶ ጉጢያ አለቻት አሉኝ፤ መተማ ገበያ ኖራ አማርኛ ታውቃለች። ደጃፏ ላይ ቆማ መረመረችኝ።

«ክርስቲያን ነህ?»

«አዎ።»

«ትጠጣለህ?»

«የለም።»

«ትጸልያለህ?»

አቁማዳዬን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወርሁ። ከቤቴ ከወጣሁ አንድ ቀን እንኳ አልጸለይሁም ነበር።

«የማይጸልይ ሰው ቤቴ አይገባም» አለች። «አላህን ያልፈራ እኔን ይፈራል?»

«እሺ፣ እጸልያለሁ።»

«የት አየሁት? እስቲ ጸልይ።»

«አሁን?»

«አሁን። እኔ እቆማለሁ።»

እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቆመች። ምን ላድርግ? ፀሐዩ አናቴን እየበሳው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ «አቡነ ዘበሰማያት» አልሁ። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ዘንድ ስደርስ ዘለልሁት፤ ግዕዝ አታውቅም ብዬ። ስጨርስ ራሷን ነቀነቀች። «አጭር ነው» አለች። «እኛ ዘንድ ይህ ገና ለመነሻ ነው።» በሩን ግን ከፈተችልኝ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና «ጸለይህ?» ትለኛለች። እኔን ቄሱን ለጸሎት የምትቀሰቅሰኝ እስላሟ ሐጃ ሆና አረፈችው።

ስለ አገሩ ትጠይቁኝ ይሆናል። ኪስራ የሚሉት አላቸው፤ ከሩቅ ሲያዩት እንጀራ ነው፣ አፍ ሲገባ ግን እርጥብ ወረቀት ነው። የደረቀ ባሚያ ፈጭተው እንደ ወጥ ይሠሩታል፤ ሲጎርሱት ከጣት ይሳባል። አልጋቸው ዓንገረብ ይባላል፤ ከቤት አውጥተው ሜዳ ላይ ይተኙበታል፤ እኛ አገር ከጉና ተራራ ብርዱ ሲወርድ ሦስት ሆነን በአንድ ደበሎ የምንጠቀለለውን ባስታወስሁ ቁጥር ሣቄ ይመጣል። ሐቡብ የሚባል አዋራ ሲነሣ ቀኑ ይጨልማል፤ ጥርስ መካከል አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ሰዉ ግን ደግ ነው። መንገደኛ ሲያልፍ ውሃ ሳይሰጡ አያሳልፉም፤ እንደኛ «የማነህ? የት ወረዳ ነህ?» ብለው አያደርቁትም። ሥራዬ ባቡር ጣቢያው ዘንድ የሙጫ ከረጢት መሸከም ሆነ። ጥምጥም የሸፈነው ግንባሬ ከሌላው ፊቴ የነጣ ነበር፤ በሦስት ወር ውስጥ ፀሐዩ አንድ አደረገው። ከዚያ በኋላ የሚያውቅብኝ የለም ብዬ ደስ አለኝ። እዩት እንግዲህ ደስታዬን።

አሁን ደግሞ ደብሩ የማያውቀውን ልናገር።

ከከተማው ዳር ወደ አርባ የሚሆን ያገራችን ስደተኛ ቤተሰብ ሰፍሯል፤ እሑድ እሑድ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። ደብሬ የምትባል የእስቴ ሴት እዚያው ሰፈር ወንድ ልጅ ወለደች። አርባ ቀኑ ሳይሞላ ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። ደብሬ ልጇን ታቅፋ ወንዶቹ የተቀመጡበት ጥላ ድረስ መጣች። «ከመካከላችሁ ቄስ የለም? ኧረ ስለ ማርያም፣ ክርስትና ሳይነሣ እንዳይሞትብኝ። ቄስ የሚያውቅ የለም?» እያለች ሰዉን አንድ በአንድ ዞረች። እኔ ከረጢት እሰፋ ነበር። ፊቴ ቆመች። «ወንድሜ፣ አንተስ አታውቅም?»

ዓይኔን ከመርፌው ሳላነሣ «አላውቅም» አልኋት።

ሕፃኑ በዚያው ቀን ማታ ሞተ። መቃብሩን የቆፈርሁት እኔ ነኝ፤ ጉልበት አለው ተብዬ ተጠርቼ። ውሃ እዚያው ነበር፤ እጄም እዚያው ነበር። የጎደለው ሁለት ቃል የምናገርበት አፍ ነው። ስለ ጣሊያን ጅራፍ ፈርቼ ጥምጥሜን ማውረዴን ሰው ይረዳልኝ ይሆናል፤ ደብሬ ግን ጅራፍ አልያዘችም። እፍረት ነው ያሠረኝ። ከካድሁ በኋላ ቄስ ነኝ ብል «ታዲያ ለምን ሸሸህ?» ይሉኛል ብዬ፣ ስለዚች ጥያቄ ብዬ፣ ሕፃኑን አሳለፍሁት።

ወይዘሮ ውዴ የመጣችው ባለፈው ጥር ነው። ቤቷን አቃጥለውባት ከነጋዴ ጋር ስትንገላታ ከርማ ሰፈራችን ደረሰች። እኔ ከባቡር ጣቢያው ስመለስ ሰዉ ዛፉ ሥር ከቧት አገር ቤቱን ይጠይቃታል። አየችኝ፤ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በሰው ሁሉ ፊት ዝቅ አለች።

«መስቀል ያሳልሙኝ መምሬ ይሁኔ።»

እጄ ሳላዘው ወደ ብብቴ ሄደ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል።

«ተሳስተዋል እሜቴ» አልኋት። «እኔ ገበሬ ነኝ።»

ልጇን በገዛ እጄ የቀበርሁላት ሴት ናት እኮ። ዓይን ዓይኔን አየችኝና «እውነትዎን ነው፤ ዓይኔም ደከመ» ብላ ተቀመጠች። ጉጢያዬ እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም።

ማግስቱን ጧት አጥሬ ዘንድ ቆማ አገኘኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ትናንት በሰው ፊት አሳፈርሁዎ» አለች። «መናገር ያለብኝ ለብቻዎ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት! መሬት ተቀመጥሁ። እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«የኔታ ይኖራሉ?» አልሁ። ይህን ጥያቄ አንድ ዓመት ሙሉ ይዤው ዞሬአለሁ።

«አላውቅም። ደብረ ታቦር እሥር ቤት ሳሉ የመንደሩ ሴቶች ስንቅ በተራ እናደርስላቸው ነበር። በአራተኛው ተራዬ ብሄድ የሉም። ጎንደር ወሰዷቸው የሚል አለ፤ ባሕር አሻገሯቸውም የሚል አለ። በሦስተኛው ግን አግኝቻቸዋለሁ። ለእርስዎ የላኩት ቃል አለ።»

«ይናገሩ» አልኋት።

«እንዲህ ነው ያሉኝ። ‹ውዴ፣ ይሁኔን የትም ብታገኚው ንገሪው። ያን ዕለት ወታደሮቹ ዳገቱ ላይ ታዩ ሲባል እኔም እጄን ወደ ራሴ ሰድጄ ነበር፤ ጥምጥሜን ላወርድ። ዓይኔ አያይም፣ ጣቴ ይንቀጠቀጣል፤ ጫፉን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ሳላገኘው ደረሱብኝ። እንግዲህ ከእሱ የተሻልሁት በዚህ ብቻ ነው፤ እሱ ጫፉን አገኘ፣ እኔ አጣሁ።› ይህን ሲሉኝ ይስቁ ነበር መምሬ፤ ከንፈራቸው ቆስሎ ሳለ ይስቁ ነበር።»

አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር አደረግሁ።

«ቀኖናዎንም ሰጥተዋል» አለች። «ሰባት ቀን ይጹም። ከዚያ እኔ ታሥሬ ያላደረስሁለትን የአስማረን ተዝካር ያውጣለት። ያደረገውንም ለደብሩ ሰው በገዛ አፉ ይንገር፤ እነሱ ዝም ብለውለታልና። ከዚያ ተፈትቷል በይው፤ ክህነቱንም አንሥቶ ያገልግል ብለዋል።»

አለቀስሁ። እንደ ሕፃን፣ ድምፅ አውጥቼ ነው ያለቀስሁት። ሐጃ ዘይነብ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ሰው ሞተብህ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆንህ?»

በምን ቋንቋ ላስረዳት? ከአፏ የተማርሁት አንድ ቃል ነበረኝ። «ራሕማ» አልኋት፤ ምሕረት ማለት ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ጭንቅላቷን መለሰች። ዛሬ ጸለይህ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

ሰባቱን ቀን ከረጢት እየተሸከምሁ ጾምሁ። በስምንተኛው፣ እሑድ፣ ዛፉ ሥር ስንሰበሰብ ተነሥቼ ቆምሁ። «ወገኖቼ፣ እኔ ቄስ ነኝ» አልሁ። «ጣሊያንን ፈርቼ ካድሁ፤ ከዚያ እናንተን አፍሬ ካድሁ። ወይዘሮ ውዴ አልተሳሳተችም።» የቀረውንም ለእናንተ እንደነገርኋችሁ ነገርኋቸው። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ። አንድ ሽማግሌ፣ «እጅህ ወደ ብብትህ ሲሄድ ስንት ጊዜ አይቼሃለሁ፤ ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ።

ደብሬ ከኋላ ተነሣች።

«ልጄን ታቅፌ ስመጣ ቄስ ነበርህ?»

«ነበርሁ።»

«የለመንሁህን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ካለህ እኔ ምን አገባኝ» አለች። «እኔ ግን አልልህም።» ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ማንም «ተይ» አላላትም፤ እኔም አልፈለግሁም። ዛሬም እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ መስቀል አትሳለመኝም። ምሕረት ሲወርድ ያደረግሁትን ሁሉ ያጥብልኛል ብዬ ነበር። የሕፃኑን መቃብር ግን ባለፍሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ የደብሬን ጀርባ እያየሁም ነው የምጸልየው።

የአስማረን ተዝካር በኪስራና በተምር አወጣነው። ጠላ የለ፣ ጧፍ የለ፣ ጥና የለ። ሐጃ ዘይነብ ተምሩን በእንቅብ ሙሉ ላከች፤ «ለሞተ ሰው ከሆነ የኛ የናንተ የለውም» ብላ። ጸሎቱን ስጀምር ድምፄ ሻክሮ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ አለ፤ ሁለት ቦታ ጠፋኝ። የኔታ ቢሰሙ ከአጥር ማዶ ይጮኹብኝ ነበር። ስጨርስ ወይዘሮ ውዴ ቀርባ ዝቅ አለች፤ አንዱ ስደተኛ ከእንጨት የጠረበልኝን መስቀል ዘረጋሁላት።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታዎ» አልኋት። ድምፄ ከእኔና ከእሷ አላለፈም፤ ግን ወጣ።

ይኸው፣ የማርያማችን ደብር ሰዎች፣ የቀረኝ ይህን ለእናንተ መናገር ነበር፤ ተናገርሁ። ዝም ስላላችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ዝም ስላላችሁልኝም አዝናለሁ። ጥሩወርቅ፣ ዋሽቼሽ ነው የወጣሁት። ልመለስ እፈልጋለሁ፤ መተማ ላይ ግን ባንዳው የሚገባውን ሁሉ ያያል፤ ደግሞም እዚህ ያረገዙ ሦስት ሴቶች አሉ፤ ወልደው ክርስትና ሳላነሣላቸው ንቅንቅ አልልም። ና ካልሽኝ ቃል ላኪብኝ፤ አትምጣ ካልሽኝም ላኪብኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል።

የኔታ አድማሱ፣ በሕይወት ካሉና ይህ ከተነበበልዎ፣ የመጨረሻው ለእርስዎ ነው። ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ። አንድ ነገር ግን ሆዴን ይከነክነኛል። ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ በየማለዳው ጥምጥምዎን የማጠመጥምልዎ እኔ ነበርሁ። ጫፉን ሁልጊዜ ከቀኝ ጆሮዎ በላይ ነው የምሸጉጠው፤ በዳሰሳ እንዲያገኙት ብዬ። ያን እሑድም እንደዚያው ነው ያደረግሁት። ሲሻዎ በአንድ ጣት ስበው ያወርዱት እንደነበር ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ ጫፉ አልጠፋዎትም። ስለ እኔ ሁለት ጊዜ ዋሹ፤ አንድ ጊዜ ለካፒቴኑ፣ አንድ ጊዜ ለወይዘሮ ውዴ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ አንዲት ሐሰት ሲገርፉኝ የኖሩት እርስዎ። ለመምህር እንዲህ ማለት ድፍረት ነው፤ ግን ካህን ነኝና፣ እግዚአብሔር ይፍታዎት የኔታ።